የማኅፀን ካንሰርን በላፓሮስኮፒ ማውጣት ካንሰሩን ይበትነዋል?

ጥያቄ፦ እናቴ የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት በኋላ ደም ስለፈሰሳት ብትመረመር የማኅፀን የውስጥ ሽፋን ካንሰር ተገኘባት። አዲስ አበባ ያዩዋት ሐኪም ማኅፀኗ በላፓሮስኮፒ (ሆድን ሳይከፍቱ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ቢወጣላት ይሻላል ብለዋል። እዚህ ጅማ ያሉ ዘመዶቻችን ግን «መሣሪያው ማኅፀኑን ፈጭቶ ካንሰሩን ሆድ ውስጥ ይበትነዋል» ብለው አስፈርተዋታል። ምን ይመክሩናል?
ከሄርማታ፣ ጅማ

መልስ፦ ዘመዶችዎ የሰሙት ነገር መነሻ አለው፤ የሚመለከተው ግን ሌላ ሁኔታን ነው። ሞርሴሌተር የሚባለው መሣሪያ ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማኅፀን እጢ) ያለበትን ትልቅ ማኅፀን ቆራርጦ በጠባብ ቀዳዳ ለማውጣት ይጠቅማል። ማዮማ በመሰለው እጢ ውስጥ ያልታወቀ ካንሰር ቢኖር ፍርፋሪው ሆድ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2014 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የእናትዎ ካንሰር አስቀድሞ ስለታወቀ ማኅፀኑን መቆራረጥ ጨርሶ አይገባም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ መመሪያም ፍርፋሪው እንዳይበተን ሆድ ውስጥ በሚገባ ከረጢት ውስጥ እንኳ እንዳይቆራረጥ ያሳስባል። ማኅፀኑ ሙሉውን በብልት በኩል ይወጣል፤ በዚያ የማያልፍ ከሆነ ሆድ ላይ አነስተኛ ቀዳዳ ይከፈትለታል። ስለዚህ ሐኪሟን አስቀድመው የሚጠይቁት «ማኅፀኑ ሳይቀደድ በምን በኩል ይወጣል?» ብለው ይሁን።

ሌላው የፍርሃት ምንጭ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው፤ በላፓሮስኮፒ ወይም በሮቦት የታከሙት ሴቶች ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት ይልቅ ካንሰሩ በብዛት ተመልሶባቸዋል። ጥናቱ ግን የማኅፀን በር ካንሰርን የሚመለከት ነው፤ በአገራችን ይህኛው በብዛት ስለሚታይ ሁለቱን ማምታታት አያስገርምም። በእናትዎ ዓይነት ካንሰር ላይ፣ በመጀመሪያ ደረጃው፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በሆንግ ኮንግ 760 ሴቶችን አሳትፎ በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ጥናት ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በሕይወት ያሉት፣ በላፓሮስኮፒም ሆነ ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት፣ 81 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል።

በእኔ አመለካከት ይበልጥ ሊያነጋግር የሚገባው በብልት በኩል ገብቶ ማኅፀኑን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ነው። የቀድሞ ታካሚዎችን መዝገብ ያገላበጠ አንድ የስፔን ጥናት መሣሪያውን ካንሰሩ ተመልሶ ከመምጣቱ ጋር ሲያያይዘው፣ ታካሚዎችን በዕጣ መድቦ ያነጻጸረ የጣሊያን ጥናት ግን ልዩነት አላገኘም፤ በመሆኑም ክርክሩ አልተዘጋም። ጠንቃቃ ሐኪም ያለ እርሱ ይሠራል፤ ከተጠቀመበትም ማኅፀኑን እንዳይበሳ ይጠነቀቃል፣ የማኅፀን ቱቦዎቹንም ገና ከጅምሩ ይዘጋል።

በኤሌክትሪክ ሙቀት የሚቆርጡትና ደም የሚያቆሙት መሣሪያዎች ደግሞ ሽፋናቸው ከተላጠ አንጀትን ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ጉዳቱ ከቀናት በኋላ ሊገለጥ ስለሚችል፣ ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ወደ ጅማ ለመመለስ አይቸኩሉ፤ ሐኪሟ እስኪፈቅዱ እዚያው ዘመድ ቤት ትረፍ። ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ፣ ሆዷ ከተነፋ፣ ካስመለሳት ወይም ካተኮሳት ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ትመለስ።

የላፓሮስኮፒው ወረፋ ወራት የሚያስጠብቅ ከሆነ ግን አይጠብቁ። ሆድን ከፍቶ ማውጣት ቁስሉ ዘግይቶ የሚድንና ሆስፒታል የሚያቆይ ቢሆንም ካንሰሩን በማዳን ረገድ አያንስም፤ ይህንንም በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ካሉ የማኅፀን ሐኪሞች ጋር ይመካከሩበት።