ኔትወርክ ሲጠፋም የሚሸጡ ሦስት ቅርንጫፎች ስቶካቸው እንዴት ይመሳሰል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ እንደገባኝ፦ ገላን መጋዘን፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ደግሞ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አላችሁ። ኔትወርክ ሲቋረጥ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለብቻው ይሠራል፤ ሲመለስ «ዘግይቶ የተጻፈው ያሸንፋል» በሚል ደንብ ይመሳሰላሉ፤ ስቶኩ ግን ከቆጠራው ጋር አልገጥም አለ። ሰርቨር ብቀይር ይስተካከላል ወይ ነው ያልከው።

አይስተካከልም። ችግሩ ያለው የምትልከው ነገር ላይ ነው። 80 ኩንታል ሲሚንቶ ነበር እንበል። ቱሉ ዲምቱ 30 ሸጦ «ቀሪ 50» ብሎ ጻፈ፤ ኮዬ ፈጬ ትንሽ ቆይቶ፣ ያንን ሳያይ፣ 20 ሸጦ «ቀሪ 60» አለ። ኔትወርኩ ሲመለስ 60 ያሸንፋል፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ግን 30 ነው።

ቢን ካርድ የሚይዝ የመጋዘን ሠራተኛ ገቢና ወጪውን በየመስመሩ ያሰፍራል። አንተም የእንቅስቃሴ ሠንጠረዥ ሥራ፦ የቅርንጫፍ ኮድ፣ ተራ ቁጥር፣ ዕቃ፣ መጠን (ወጪ ከሆነ በመቀነስ ምልክት)፣ ምክንያት፣ ሰዓት። ቀሪ የሚባል ዓምድ አይኑር፤ ቀሪ ማለት ድምሩ ነው። የተሳሳተ መስመር አይታረምም፣ በተቃራኒ መስመር ይመለሳል እንጂ። መደመር ቅደም ተከተል ስለማይመርጥ የየትኛው ሱቅ ቀድሞ መድረስ ለውጥ አያመጣም።

ድግግሞሽ ግን ያመጣል። ሱቁ 200 መስመር ልኮ፣ ሰርቨሩ ከመዘገበው በኋላ «ደርሷል» የሚለው መልስ ሳይመጣ ኔትወርክ ከጠፋ ያንኑ ደግሞ ይልካል። ስለዚህ የቅርንጫፍ ኮድና ተራ ቁጥር አንድ ላይ ፕራይመሪ ኪ (መስመሩን ከሌላው የሚለይ፣ የማይደገም መለያ) ይሁኑ፤ ፖስትግሬስም ሆነ ኤስኪውላይት የተባሉት ዳታቤዞች ላይ «ኦን ኮንፍሊክት ዱ ናቲንግ» (ቀድሞ ካለ ምንም አታድርግ) ብለህ አስገባ። የደረሰኝ ቁጥርን ለዚህ አትጠቀም፤ ዝውውርና ብልሽት የሽያጭ ደረሰኝ የላቸውም።

ሲገናኙ እያንዳንዱ ከማን እስከ ስንተኛው መስመር እንደደረሰው ይናገራል፤ ገላን 901፣ ቱሉ ዲምቱ 412፣ ኮዬ ፈጬ 388 እንደማለት። ቨርዥን ቬክተር የሚባለው ይኸው ነው። ሌላው የጎደለውን ብቻ ይልካል። ተራ ቁጥሩ ክፍተት እንዳይኖረው ከመስመሩ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ የሚጸና ወይም አብሮ የሚሰረዝ ሥራ)፣ በተራ ይሰጥ። 412 ከ411 ቀድሞ ከተላከ 411 ተዘልሎ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያዩት ወጥመድ አለ። የቱሉ ዲምቱ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ከትናንት ባክአፕ ተመለሰ እንበል። ቁጥሩ ወደ 404 ወርዷል፤ የዛሬው አዲስ ሽያጭ 405 ተብሎ ይጻፋል፤ ሌሎቹ 405ን ቀድሞውኑ ስለሚያውቁት አዲሱን ዝም ብለው ይጥሉታል። ኤረር የለም፣ ሎግ ላይም የሚታይ ነገር የለም። ከባክአፕ በተመለሰ ወይም ዲስኩ በተገለበጠ ቁጥር አዲስ ኮድ ስጠው፤ «ቱ1» የነበረው «ቱ2» ይሁንና የ«ቱ1»ን ከ405 እስከ 412 ከሌሎቹ ይሳብ።

ሰዓቱንም ፈትሽ። ሱቅ ላይ ኮምፒውተሩን በእኛ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው አይጠፋም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማሽኑም 3፡00 ካለ፣ ከሌሎቹ 9፡00 በ6 ሰዓት ወደኋላ ነውና በጊዜ ሲወዳደር ሁሌ ይሸነፋል። የማዘርቦርዱ ባትሪ (ሲአር2032) ሲደክም ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ዓመቱ ራሱ ወደኋላ ይመለሳል። ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) መዝግበው፤ የኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን ስክሪን ላይ ብቻ ይቀየር፤ ዳኛ ግን አታድርገው።

ለማይደመሩ ነገሮች፣ ዋጋን ገላን ብቻ ይቀይር፤ ሱቆቹ ያንብቡ። የደንበኛ ስልክና አድራሻ ላይ ሁለት ሰው ሳይተያዩ ከጻፉ ሁለቱንም አቆይና ሰው ይምረጥ። ካውችዲቢ የተባለው ዳታቤዝ ሁሉም ቅጂ ላይ ያንኑ አንድ አሸናፊ ይመርጣል፤ ተሸናፊውንም አይጥልም። ካልጠየቅከው ግን አያሳይህም፤ ማሳያ ስክሪን ካልሠራህለት እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቀሪው ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ የመጨረሻውን 10 ኩንታል ሁለቱም ሱቆች ሳይተያዩ ከሸጡት ኋላ ማመሳሰሉ ሲሚንቶ አይወልድም። ኮታ አስገባ፦ ከ80ው ለሁለቱ ሱቆች 30፣ 30፣ ለገላን 20። ከኮታው እስካልወጣ ሳይጠይቅ ይሽጥ። ኮታ ሲዛወር የሚሰጠው መጀመሪያ ከራሱ ይቀንስ፤ የሚቀበለው ያ መስመር ሳይደርሰው አይጨምር። ሐሳቡ የዳታቤዝ ተመራማሪው ኦኒል እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው፣ ኤስክሮው የተባለው ዘዴ ነው። ከኮታ በላይ የሚሸጥ ካለ «ጊዜያዊ» ተብሎ ይመዝገብ፣ ገላን ሲያረጋግጥ ይጽና፤ የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል የሆነው ዜሮክስ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሠራው ባዩ የተባለው ሲስተምም ጊዜያዊውንና የጸናውን እንዲሁ ይለይ ነበር። አይሱዙው የሚጫነው በጸናው ብቻ ነው።

ሥራ ላይ ከማዋልህ በፊት የሁለቱን ሱቆች ኬብል ንቀልና ያንኑ ዕቃ ሽጥ፤ የአንዱን ሰዓት በ6 ሰዓት መልስ፤ አንዱን የመስመሮች ጥቅል ሁለት ጊዜ ላክ፤ አንዱን ኮምፒውተር ከአሮጌ ባክአፕ አስነሳ። ከዚያ ኬብሉን ሰክተህ የየዕቃውን ድምር በሦስቱም ቦታ አወዳድር። ከተለያየ መጀመሪያ በየቅርንጫፍ ኮዱ ስንት መስመር እንዳለ ቁጠር፤ የመስመሩ ብዛት እኩል ሆኖ ድምሩ ከተለያየ አንድ ተራ ቁጥር ለሁለት የተለያዩ ሽያጮች ተሰጥቷል።