«አምስት ሳምንት ሞልቷታል፣ ልስጣት?»

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ድመት ልጆች ናቸው። ድመት ወልዳባችሁ ግራ የገባችሁ ብዙ ስለሆናችሁ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ድመታችን አራት ወልዳለች። አምስት ሳምንት ሞላቸው። የሰፈራችን ባለሱቅ አይጥ አስቸግሮት አንዷን «አሁኑኑ ስጪኝ» እያለ ነው። ምግብ መቅመስ ጀምራለች። ልስጠው? (ከጀሞ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አይ፣ ቆይ በዪው። ቢያንስ ስምንት ሳምንት ይሙላት። አሥራ ሁለት ብትቆይ ደግሞ እሰየው ነው።

ምግብ መቅመስና ጡት መጣል አንድ አይደሉም። የድመት ልጆች ምግብ መሞካከር የሚጀምሩት በአራተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ጡት ሙሉ በሙሉ የሚጥሉት ስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። በመሀል ያለው አንድ ወር ትምህርት ቤታቸው ነው። እስኪ ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ እያቸው። አንዱ የወንድሙን ጆሮ ይነክሳል። የተነከሰው ይጮሃል፣ ጨዋታው ይቆማል። ነካሹ ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ ይመለሳል። አሁን የጥርሱን ልክ አወቀ ማለት ነው። እናቱን ጠንከር አድርጎ ከነከሳት በመዳፏ ቸብ ታደርገዋለች። ያለጊዜዋ የተነጠለች ድመት ይሄን ሁሉ ሳትማር ትቀራለች። በኋላ የሰው እጅ ስትነክስና ስትቧጭር «ክፉ ናት» ይሏታል። ክፉ ሆና አይደለም፣ ያስተማራት የለም።

ደግሞ ባለሱቁ የሚፈልገው አይጥ የምትይዝለትን አይደል? አደንም የሚለመደው እናት ጋ ነው። እናትየው መጀመሪያ የሞተ አይጥ ታመጣላቸዋለች። ቀጥሎ ነፍሱ ያልወጣ ታመጣና እነሱ እንዲጨርሱት ትተውላቸዋለች። «ሦስት ሳምንት ብትታገሥ የተሻለች አዳኝ ትወስዳለህ» በዪው፤ ይገባዋል። አንድ ነገር ግን ጠይቂው፦ ሱቁ ውስጥ የአይጥ መርዝ አለ? መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ልትመረዝ ትችላለች። መርዙን ካላነሳ አትስጪው።

ጥያቄ፦ ጡት እንዲጥሉ ብዬ የላም ወተት በሳህን ሰጠኋቸው። ሁሉንም ተቅማጥ ያዛቸው። ምን ላድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወተቱን ዛሬውኑ አቁም። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፣ የላም ወተት ላይ ያለው ለብዙ ድመቶች ሆድ አይስማማም። ንጹሕ ውሃ አስቀምጥላቸው። የእናታቸውን ጡት ይጥቡ፣ አትከልክላቸው። ተቅማጡ እስከ ነገ ካልቆመ፣ ወይም አንዱ ደክሞ ከተኛ፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዳቸው። ትንሽ ግልገል የሰውነቱ ውሃ ቶሎ ነው የሚያልቅበት።

ሲሻላቸው እንዲህ ጀምር። ለድመት ልጆች የተዘጋጀ ምግብ ከገበያ ካገኘህ በሞቀ ውሃ አርሰህ እንደ አጥሚት አቅጥነው። ካላገኘህ ለጊዜው ዶሮ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ቀቅል፤ አጥንቱን ለቅመህ አድቅቀውና በመረቁ አቅጥነው። ዝርግ የስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርግ። በጣትህ ነክተህ አስልሳቸው እንጂ አፍንጫቸውን ምግቡ ውስጥ እንዳትነክር፣ ትን ይላቸዋል። የእኔዋ ትንሿ የመጀመሪያ ቀን ሁለት የፊት እግሮቿን ሳህኑ ውስጥ ከታ ቆመች። አነጠሳት። ምግብ መሆኑን ያወቀችው ወጥታ መዳፏን ስትልስ ነው። በቀን አራቴ ትንሽ ትንሽ ስጣቸውና በየሳምንቱ እያወፈርከው ሂድ።

እናትየውን ግን እንዳታርቅ። ጥርሳቸው ሲወጋት ራሷ እየተነሳች ትሄዳለች። ጡት የምታስጥለው እሷ ናት፣ አንተ ሳህኑን ብቻ አቅርብ። ሚዛን ካለህ በየሳምንቱ መዝናቸው። ሲወለዱ 100 ግራም ገደማ ናቸው፣ በሳምንት 100 ግራም ያህል ይጨምራሉ። ክብደቱ የቆመ ካለ ለብቻው አብላው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ይጾማል። ለድመቷና ለልጆቿ ሽሮ በእንጀራ እንሰጣለን፣ ይበሉታል። ጉዳት አለው? (ከደብረ ብርሃን፣ አንዲት እናት)

መልስ፦ አለው እናቴ። ርቧቸው ነው የሚበሉት። የሽሮው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ከዚህም ሌላ ድመት ታውሪን የሚባል ነገር ከሥጋ ካላገኘች ቀስ በቀስ ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ጥራጥሬ ላይ ይሄ የለም። 55 ቀን የዐቢይ ጾም ለምታጠባ ድመትና ለልጆቿ ረጅም ነው።

ሳንባ ከሥጋ ቤት በርካሽ ያገኛሉ። የበሬ ልብ ቢጨምሩበት ደግሞ ታውሪኑ እዚያ ላይ በደንብ አለ። ቀቅለው፣ ቆራርጠው ይስጧት። የተቀቀለ እንቁላልም ጥሩ ነው። ለእሷ ብቻ አንድ አሮጌ ድስትና ቢላ ይለዩላት፣ የጾሙ ዕቃ አይነካካም።

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ አንዷን ሰጠኋት። እንዳትጠፋ ብላ አንገቷን በገመድ አስራታለች። ሌሊቱን ሙሉ ትጮሃለች። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እባክሽ ዛሬ ደውዪላትና ትፍታት። የታሰረች ግልገል ከወንበር ስትዘል ገመዱ ሊያንቃት ይችላል። እንዳትጠፋ ከሆነ አንድ ክፍል ዘግቶ ማቆየት ይበቃል። ጥቂት ቀን እዚያ ትሰንብት፤ ምግቧ፣ ውሃዋና የምትጸዳዳበት አሸዋ እዚያው ይሁን። እናቷ የተኛችበት ጨርቅ ካለ ላኪላት፣ ሽታው ያረጋጋታል። ምግቧም የለመደችው ይሁን፣ ቤትና ምግብ በአንድ ቀን መቀየር ሆዷን ይረብሻል።

ለቀሩት ደግሞ አሁኑኑ ተዘጋጂ። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ሰው የመልመጃ ጊዜያቸው ነው። በየቀኑ የተለያየ ሰው ይያዛቸው፣ የሬዲዮና የጁስ መፍጫ ድምፅ ይስሙ። ልጆች በሁለት እጅ ደግፈው ይያዙ፣ በጆሮና በጅራት ግን አይሆንም። ጠርዙ ዝቅ ያለ ካርቶን ውስጥ አሸዋ አድርጊላቸው። የድመት ልጅ ቆፍሮ መቅበር በተፈጥሮው ያውቃል፣ ቦታውን ብቻ አሳዪው። ከሄዱ በኋላ እንዳይጠፋባቸው ከዚያው አሸዋ አንድ ጭብጥ አብሮ ይሂድ። የሆድ ትል መድኃኒት ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ይስጣቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወራቸው እንደሚያስፈልግም ለተቀባዩ ንገሪው፣ ድመትም ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ወንድና ሴቷን በምን እለያለሁ?

መልስ፦ ጅራቷን ቀስ ብለህ አንሳ። የሴቷ ሁለቱ ቀዳዳዎች ተቀራርበው፣ የታችኛው እንደ ትንሽ ስንጥቅ ነው። የወንዱ ራቅ ራቅ ያሉ ሁለት ነጥቦች ናቸው። «ሴት ትወልድብኛለች» ብሎ እምቢ ለሚልህ፣ ሐኪም ማምከን እንደሚችል ንገረው።

ጥያቄ፦ ልጆቿን ሁሉንም በአንድ ቀን ሰጠሁባት። እየዞረች ትጮሃለች፣ አንጀቴን በላችው።

መልስ፦ አውቃለሁ፣ ድምፁ ልብ ይሰብራል። ጥቂት ቀን ትፈልጋቸውና ትረጋጋለች። ለሌላ ጊዜ አንድ በአንድ፣ በቀናት ልዩነት ስጪ፤ ወተቷም ቀስ እያለ ይደርቃል። አሁን ጠዋት ጠዋት ጡቷን ዳብሺ። ጠጥሮ፣ ግሎና ቀልቶ ካገኘሽው ሳትውይ ሐኪም ጋ ውሰጃት። እግረ መንገድሽን ስለ ማምከንም ጠይቂው። ድመት እያጠባችም ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናው ደግሞ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ብቻ ነው።