የግንቡን ድንጋይ ማን ያዘው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን የፊዚክስ ጥያቄዎች አምስቱን መልሰናል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህራችን በተፈጥሮ ውስጥ አራት መሠረታዊ ኃይሎች እንዳሉ፣ ከሁሉም ደካማው ስበት እንደሆነ አስተማሩን። ነገር ግን ከፋሲል ግንብ ላይ ድንጋይ ቢፈነቀል የሚጥለው ስበት ነው፤ እኛንም መሬት ላይ የያዘን እሱ ነው። ታዲያ ደካማነቱ ምኑ ላይ ነው? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ መምህርሽ ትክክል ናቸው። ሁለት ፕሮቶኖችን ብንወስድ በኤሌክትሪክ የሚገፋፉበት ኃይል በስበት ከሚሳሳቡበት ይበልጣል፤ ብልጫው 1 ተጽፎ ከኋላው 36 ዜሮ የሚደረደርበትን ቁጥር ያህል ጊዜ ነው። ብናራርቃቸውም ብናቀራርባቸውም ብልጫው ያው ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሁለቱም ኃይሎች ወደ ሩብ ይወርዳሉና።

ይህን በክፍል ውስጥ ማየት ይቻላል። የፕላስቲክ እስክሪብቶ በደረቅ ፀጉር ወይም በሱፍ ሹራብ ላይ አሥር ጊዜ ያህል አሽተሽ፣ ጥፍር ለምታክል የወረቀት ብጣሽ በ1 ሳንቲ ሜትር ርቀት አስጠጊላት፤ ብድግ ትላለች። ወደ ታች የሚስባት መላው መሬት ነው፤ ክብደቱ 6 ተጽፎ 24 ዜሮ የሚከተለው ኪሎ ግራም። ወደ ላይ የሚስባት በጣት የተያዘ ፕላስቲክ ነው፤ ያሸነፈውም ፕላስቲኩ ነው። ሙከራውን በደረቁ ወቅት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሥሪው። በክረምት አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላል፤ እርጥበቱ በፕላስቲኩ ገጽ ላይ ስስ የውኃ ሽፋን ስለሚሠራ ቻርጁ በዚያ በኩል ያመልጣል። ላብ ያለው እጅና ቅባት የተቀባ ፀጉርም ያበላሹታል።

ታዲያ ስበት ለምን ገኖ ይታያል? የኤሌክትሪክ ቻርጅ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አለው። በድንጋይም በሰውም ውስጥ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ሥራ ያጠፋል። ስበት ግን ሁልጊዜ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ቁስ በተጨመረ ቁጥር እየተደመረ ይሄዳል።

በአንጻሩ የላይኛው ድንጋይ በታችኛው ውስጥ የማይሰምጠው የአቶሞቹ ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉ ነው፤ ከዚያም በላይ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ በአንድ ጊዜ መያዝ ስለማይችሉ ነው። ይህ የፊዚክስ ሊቁ የፓውሊ ሕግ ነው። ሕጉ ባለበት ቁስ አካል ጸንቶ እንደሚቆም ፍሪማን ዳይሰንና አንድሩ ሌናርድ በ1967 በሒሳብ አረጋግጠዋል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው የኖራ ቡኬትም የሚጠነክረው በዚሁ በኤሌክትሪክ ኃይል (ሙሉ ስሙ ኤሌክትሮማግኔታዊ ኃይል ነው)፤ ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ እንደገና የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ከአራቱ አንዱ የሆነው ጠንካራው ኃይል ደግሞ ፕሮቶኖችን በአቶም እምብርት (በኒውክለስ) ውስጥ አጣብቆ ይይዛል እንጂ ከዚያ አልፎ አይደርስም፤ ክልሉ የ1 ሚሊ ሜትር ትሪሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በሳይንስ ክበባችን ገመድ ላይ ክብደት አንጠልጥለን እያወዛወዝን የስበትን አክስለሬሽን (የሚወድቅ ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ በስንት ሜትር በሰከንድ እንደሚጨምር) ለካን። ገመዱ 1 ሜትር ነው፤ 20 ዙር (ሄዶ መመለሱ አንድ ዙር ነው) ቆጠርን። አንዱ ቡድን 10.8፣ ሌላው 9.3 አገኘ። መጽሐፉ 9.81 ይላል። የላብራቶሪ ዕቃ የለንም። ምን እናስተካክል? (የፊዚክስ መምህር፣ ከጠዳ)

መልስ፦ ስሕተቶቹ ከቁጥሮቹ ላይ ይነበባሉ። 10.8 ያገኘው ቡድን ክብደቱን ሲለቅ «አንድ» ብሎ የጀመረ ይመስላል። እንዲህ ከተጀመረ «ሃያ» ሲባል የተጠናቀቀው 19 ዙር ነው፤ የ19 ዙር ጊዜ ለ20 ሲካፈል ውጤቱ በትክክል 10.8 ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መነሻው ላይ «ዜሮ» ይባል። 9.3 ያገኘው ቡድን ደግሞ የለካው እስከ ቋጠሮው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ርዝመቱ ከተንጠለጠለበት ነጥብ አንሥቶ እስከ ክብደቱ መካከል ድረስ ነው። ከቋጠሮው እስከ መካከሉ ያለው 5 ሳንቲ ሜትር ከተዘለለ ውጤቱ 9.3 ይሆናል።

አሁን ለሚቀጥለው ሙከራ። ክብደቱ የግንበኛ ቱንቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ከባድና ትንሽ ስለሆነ አየር ብዙ አይይዘውም። ሲባጎ አይጠቀሙ፤ ሲወዛወዝ ይፈታታል፣ ይለጠጣልም። ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ይሻላል፤ ግን ርዝመቱ ቱንቢው ከተንጠለጠለ በኋላ ይለካ፣ እሱም በጭነት ትንሽ ይሳባልና። ክሩን ሚስማር ላይ አይጠምጥሙት። በተወዛወዘ ቁጥር ሚስማሩ ላይ ስለሚጠቀለልና ስለሚላቀቅ ርዝመቱ ይለዋወጣል። ከዚህ ይልቅ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል አጥብቀው ይሰሩት፤ የተንጠለጠለበት ነጥብ የእንጨቶቹ የታችኛው ጠርዝ ይሆናል። እንጨቶቹ የታሰሩበት ጠረጴዛ የሚነቃነቅ ከሆነ ልኬቱ ዋጋ የለውም። መስኮት ይዘጋ።

ቱንቢውን ከመካከል ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ አያርቁት። ተማሪዎች ማየት ደስ ስለሚላቸው በሰፊው ይለቁታል፤ 30 ዲግሪ ከተለቀቀ ግን እያንዳንዱ ዙር ስለሚዘገይ ውጤቱ ወደ 9.45 ይወርዳል። ሲለቀቅ አይገፋ፤ ክብ እየሠራ ከዞረም ይቁምና እንደገና ይጀመር። ጊዜ የሚያዘው ቱንቢው ዳር ሲደርስ ሳይሆን በመካከል ሲያልፍ ነው። ዳር ላይ ፍጥነቱ ስለሚሞት የደረሰበትን ቅጽበት ለይቶ መያዝ ያስቸግራል፤ መካከል ላይ ግን በጠመኔ የተሰመረችውን መስመር እልም ብሎ ያልፋታል። የሞባይል ሰዓት ይበቃል። የሰው ጣት ግን በ0.2 ሰከንድ ያህል መሳቱ አይቀርም፤ በ20 ዙር ላይ ይህ የ0.1 ስሕተት ያመጣል፣ በ100 ዙር ላይ ግን 0.02 ብቻ።

የቱንቢውን መካከል ማወቅ ካስቸገረ (ሾጣጣ ስለሆነ ያስቸግራል) ደግሞ ከነጭራሹ አያስፈልግም። በሁለት የተለያዩ ርዝመቶች ለክተው ልዩነቱን ይጠቀሙ። ለምሳሌ እስከ ቋጠሮው 1.20 ሜትር ሲሆን 50 ዙር 111.86 ሰከንድ፣ 0.60 ሜትር ሲሆን 80.37 ሰከንድ ፈጀ እንበል። የአንድ ዙር ጊዜ 2.2372 እና 1.6074 ነው። እያንዳንዱን በራሱ ሲያባዙት 5.005 እና 2.584 ይመጣል፤ ልዩነቱ 2.421። የርዝመቶቹን ልዩነት 0.60ን በ39.48 አባዝተው (ይህ ፓይ በራሱ ተባዝቶ በ4 ሲባዛ ነው) ለ2.421 ሲያካፍሉ 9.78 ያገኛሉ። ከቋጠሮው በታች ያለው ርዝመት በሁለቱም ላይ እኩል ስለነበረ ተቀናንሶ ጠፍቷል።

ውጤቱ 9.78 ከመጣ 9.81 ለማድረግ ማንም እጁን እንዳያስገባ። የጎንደር ትክክለኛ ዋጋ እሱ ነው። በመጽሐፉ 9.81 ተብሎ የተጠጋጋው 9.80665 በ1901 በስምምነት የተወሰነ መደበኛ ቁጥር እንጂ በየቦታው የሚገኝ ዋጋ አይደለም። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ምድር ስትዞር ወገቧ ላይ ስለምትነፋና ሽክርክሪቷም ወደ ውጭ ስለሚገፋ ስበቱ ይቀንሳል፤ ትልቁ ልዩነት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ የሆነው ከፍታ ትንሽ ይቀንሳል፣ ከሥር ያለው ዐለት ደግሞ ከዚያው ላይ ጥቂት ይመልሳል። ልዩነቱን በእርግጠኝነት ለማሳየት ርዝመቱ በ1 ሚሊ ሜትር ልክ መታወቅ፣ ቢያንስ 100 ዙር መቆጠርና ልኬቱ አምስት ጊዜ መደገም አለበት። ይህን የሠራ ክበብ ከመጽሐፉ ቁጥር የተሻለ ቁጥር በእጁ ይዟል።

ጥያቄ፦ ሂግስ ቦዞን ለሁሉም ነገር መጠነ ቁስ ይሰጣል ሲባል እሰማለሁ። የእኔም ኪሎ ከሂግስ የመጣ ነው? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ከመቶ አንዱ ብቻ። ይህ ነገር ተደጋግሞ በስሕተት ስለሚነገር ሰፋ አድርገን እንመልስ።

በጄኔቫ አቅራቢያ ባለው ሰርን በተባለው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው ማፋጠኛ የተገኘውና ሐምሌ 4 ቀን 2012 (በእኛ ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም.) የተነገረለት ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት፣ በሁሉም ቦታ የሞላ ሂግስ የሚባለው መስክ በእርግጥ መኖሩን አሳየ። መጠነ ቁስ የሚሰጠው መስኩ ነው፤ የሚሰጠውም እንደ ኳርክና ኤሌክትሮን ላሉት መሠረታዊ ቅንጣቶች ነው። ፕሮቶን ግን መሠረታዊ አይደለም። በውስጡ ሁለት አፕ ኳርኮችና አንድ ዳውን ኳርክ አሉ። አፕ 2.2፣ ዳውን 4.7 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች መጠነ ቁስ መለኪያ) ገደማ ነው፤ ሲደመሩ 9 ይሆናሉ። የፕሮቶኑ ግን 938 ነው። የቀረው 929 ከየት መጣ?

ከጠንካራው ኃይል ኢነርጂ ነው። ኳርኮቹ እጅግ በጠበበ ቦታ ውስጥ ተይዘው ይራወጣሉ፤ እርስ በርስ የሚያስሯቸው ግሉኦን የተባሉ ቅንጣቶችም ኢነርጂ ተሸክመዋል። ኢነርጂ አንድ ቦታ ታስሮ ሲቀመጥ ራሱ ይመዝናል፤ ኢ እኩል ይሆናል ኤም ሲ ስኩዌር (ኢ ኢነርጂ፣ ኤም መጠነ ቁስ፣ ሲ የብርሃን ፍጥነት) ማለት ይኸው ነው። ይህ ኃይል በባሕርዩ ከሌሎቹ ይለያል። ሁለት ኳርኮችን ለማለያየት ብንጎትት መሳሳቡ አይላላም፤ 15 ቶን ገደማ እንደማንጠልጠል ባለ ኃይል እስከ መጨረሻው ይጎትታል። በመጨረሻ የሚገኘውም የተለየ ኳርክ አይደለም፤ የገባው ጉልበት አዲስ ኳርክና ፀረ ኳርክ ይፈጥርና ሁለቱም ጫፎች ጓደኛ ያገኛሉ። በ2008 ተመራማሪዎች ከዚህ ኃይል እኩልታዎች ተነሥተው በሱፐር ኮምፒዩተር የፕሮቶንን መጠነ ቁስ አስልተው ከተለካው ጋር በጥቂት ፐርሰንት ልዩነት ገጥሞላቸዋል።

ስለዚህ ከ1 ኩንታል ጤፍ ውስጥ ከሂግስ የመጣው 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ 99 ኪሎው የታሰረ ኢነርጂ ነው። ያ ማለት ግን ሂግስ ቢጠፋ 1 ኪሎ ብቻ ይጎድላል ማለት አይደለም። የአቶም ስፋት በኤሌክትሮን መጠነ ቁስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ኤሌክትሮኑ ሲቀል አቶሙ ይሰፋል። ዜሮ ከሆነ ኤሌክትሮኑ በኒውክለሱ ዙሪያ አይያዝም፤ አቶም የሚባል ነገር አይኖርም፣ ጤፍም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ለጎብኚዎች የደጋው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ እንደመጣና 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነው እነግራለሁ። «እንዴት ታወቀ?» ሲሉኝ ግን መልስ የለኝም። (አስጎብኚ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ሰዓቱ ከአራቱ ኃይሎች ሌላው፣ አንዱን አቶም ወደ ሌላ የሚለውጠው፣ «ደካማው የኒውክለስ ኃይል» የሚባለው ነው። ድንጋይ ውስጥ ፖታስየም አለ፤ ከ10,000 የፖታስየም አቶሞች 1 ወይም 2ቱ ፖታስየም 40 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ዓይነት ናቸው። በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ግማሾቹ ይለወጣሉ፤ ከሚለወጡት መቶ ውስጥ 89 ያህሉ ካልሲየም፣ 11 ያህሉ አርጎን ጋዝ ይሆናሉ። ቀልጦ በሚፈስ ድንጋይ ውስጥ የነበረ አርጎን ያመልጣል፤ ድንጋዩ ከረጋ በኋላ የሚፈጠረው ግን ተይዞ ይቀራል። በ30 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከ1,000 ፖታስየም 40 አቶሞች 16 ወይም 17ቱ ተለውጠዋል፤ ከነዚያ አርጎን የሆኑት 2 ያህል ናቸው። ይህን ለመለካት ድንጋዩን በባዶ አየር ውስጥ እስኪቀልጥ ማሞቅና የወጣውን ጋዝ መቁጠር ያስፈልጋል።

ናሙናው ከገጽ ላይ የተነሣ የበሰበሰ ድንጋይ ከሆነ አርጎኑ አፈትልኮ ስለወጣ ዕድሜው ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል፤ በኋላ ላይ በሌላ ትኩስ ፍሰት የተቀቀለ ድንጋይም እንዲሁ። ድንጋይ መጥረብ ግን ሰዓቱን አይነካውም። ስለዚህ በዚህ መንገድ የድንጋዩ ዕድሜ እንጂ የግንቡ ዕድሜ አይታወቅም፤ ይህን ለጎብኚዎቹ ለይተው ይንገሯቸው። አንድ ነገር ደግሞ ይጨምሩላቸው፦ ከምንተነፍሰው አየር 1 ፐርሰንት የሚጠጋው አርጎን ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚሁ መንገድ ከዐለት ውስጥ የወጣ ነው። መካከለኛ ሙዝ ውስጥም በየሰከንዱ 12 ያህል ፖታስየም 40 አቶሞች ይለወጣሉ፤ ጉዳት የለውም።

ጥያቄ፦ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ነዶ የሚተርፈው ጥቂት አመድ ነው። የቀረው ወደ ኢነርጂ ተለወጠ ማለት ነው? (የምግብ ቤት ባለቤት፣ ከአራዳ)

መልስ፦ አይደለም፤ ጋዝ ሆኖ ወጣ። 1 ኪሎ ንጹሕ ካርቦን ከአየር 2.67 ኪሎ ኦክስጅን ወስዶ 3.67 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ጥሩ ከሰል በኪሎ 30 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሰጣል። ይህ ሙቀት ይዞት የሚሄደው መጠነ ቁስ 0.3 ማይክሮ ግራም ነው፤ የትኛውም የገበያ ሚዛን አያየውም። ቻርጅ የተደረገ ስልክም ባዶ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ በ1 ግራም ቢሊዮንኛ ግማሽ ያህል ይከብዳል። ፀሐይ ግን በጠንካራው ኃይል ስለምትሠራ በሰከንድ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ትቀንሳለች።

ከሰሉ በቂ አየር ካላገኘ ሁሉም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይሆንም፤ ከፊሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለው፣ ይገድላል። ጭሱ ስለጠፋና ከሰሉ ነጭ አመድ ስለለበሰ ጋዙ ቆመ ማለት አይደለም፤ ፍም እስካለ ድረስ ይወጣል። ምድጃውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በተለይ ሌሊት ለማሞቂያ ብለው አይተዉት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር የጀመረው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ውጭ ይወሰድ፤ በርና መስኮት ይከፈት፣ ምድጃውም ይውጣ።