ቶርኖው ላይ ዘይት አለ ወይስ አቧራ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከተለቀቀ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ምህንድስና ትምህርት ናቸው። ብዙዎችን የሚያስጨንቁትን መርጬ፣ ረጅሞቹን አሳጥሬ አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ውጤቴ ጥሩ ነው። አጎቴ «አምስት ኪሎ ካልገባህ መሐንዲስ አትባልም» ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ለአዳማና ለአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ፈተና እየተዘጋጁ ነው። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ በአጎትህ አልፈርድባቸውም። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአምስት ኪሎው የምህንድስና ኮሌጅ በ1940ዎቹ አጋማሽ ከተከፈተ በኋላ ለብዙ ዘመን መሐንዲስ ሲባል ሰው የሚያስበው ያንን ግቢ ነበር። ዛሬ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ከጠረጴዛው ማዶ የምታገኛቸው ብዙ አንጋፋ መሐንዲሶች የዚያው ምሩቃን ናቸው፤ ይህ ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ግን አጎትህ የሚያውቁት ዘመን አልፏል። አዳማ ከ1980ዎቹ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተነስቶ እዚህ ደርሷል። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ከመነሻው የታሰበው ለዚሁ ሙያ ነው። ሁለቱም ከአገር አቀፉ ፈተና በተጨማሪ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በራሱ ፈተና መቀበል ጀምሯል። ስለዚህ ገና ሳትፈተን «የቱን ልያዝ» እያልህ እንቅልፍ አትጣ። የሁሉንም ማስታወቂያ ተከታተል፣ የምዝገባ ቀን አያምልጥህ፣ ተፈተን፤ ምርጫው ያኔ ይመጣል።

ምርጫው ሲመጣ ስለ ስም ሳይሆን ስለ ወርክሾፕ ጠይቅ። በምትፈልገው ግቢ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አፈላልገህ የመጨረሻውን የላብ ሪፖርቱን እንዲያሳይህ ለምነው። በአንድ መሣሪያ ዙሪያ ስንት ተማሪዎች ቆሙ? አምስት ከሆኑ ደህና ነው፤ አሥራ አምስት ከሆኑ ሦስቱ ሠርተው የቀሩት አይተዋል ማለት ነው። በሠንጠረዡ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ራሱ ለክቶ ነው የሞላው ወይስ ካለፈው ዓመት ተማሪ ገልብጦ? ወርክሾፑ ውስጥ መግባት ከቻልህ ደግሞ ብረት እያሽከረከረ ወደሚቀርጸው ማሽን፣ ወደ ቶርኖው፣ ጠጋ በል። ዘይትና የብረት ፍቅፋቂ ካየህ ማሽኑ ይሠራል፤ አቧራ የለበሰ ከሆነ ግን ለጎብኚ የተቀመጠ ነው። ይህን ማንም በብሮሹር ላይ አይጽፍልህም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ኮምቦልቻን ቅርብ ስለሆነ ብቻ አትናቀው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ባለበት በዚያ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች አሉ። የሥራ ልምምድ ጊዜ ሲደርስ የሌላው ከተማ ተማሪ ደብዳቤ ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ በር ሲንከራተት፣ የፋብሪካው አጥር ከግቢው የማይርቅ ተማሪ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

ጥያቄ፦ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ እንጂ ሌላ አልፈልግም። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ብገባ ዲፓርትመንቱ ላይደርሰኝ ይችላል?

መልስ፦ አዎ፣ ላይደርስህ ይችላል፤ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ሆኗል፤ ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከዚያ በኋላ በውጤትና በምርጫ ነው። ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ጎበዞችን ይሰበስባል፤ ጎበዞቹም አብዛኞቹ አንተ የምትፈልጋትን ወንበር ይፈልጋሉ። አንዱ ጋ በቀላሉ ሶፍትዌር የሚያስገባ ነጥብ ሌላው ጋ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ከማመልከትህ በፊት «ዲፓርትመንቱ ባለፈው ዓመት በስንት ነጥብ ቆረጠ? ስንት ተማሪስ ወሰደ?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን ሬጅስትራር ባይነግርህ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በቃላቸው ይዘውታል።

ቅጹ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫህን ለይስሙላ አትሙላ። ብዙ ልጆች ከአንደኛው በታች ያለውን በግድየለሽነት ይጽፉና በኋላ የማይፈልጉት ዲፓርትመንት ውስጥ አራት ዓመት ይቀመጣሉ። ሶፍትዌር ካልሆነ ኤሌክትሪካልን አስብበት፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ፓወር፣ ኮንትሮል፣ ኮሙኒኬሽን ወይም ኮምፒውተር ተብሎ ይከፈላል። በዚያ መስመር አልፈው ዛሬ ኮድ በመጻፍ የሚኖሩ ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ፦ የውኃ ምህንድስና መማር እፈልጋለሁ። አባቴ ግን «አርባ ምንጭ ድረስ ምን ልትሠሪ? እዚሁ ባሕር ዳር ተማሪ» ይለኛል።

መልስ፦ ባሕር ዳርም ቀላል ግቢ አይደለም። ሥሩ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ እስከተሠራው የ1955ቱ ፖሊቴክኒክ ድረስ ይወርዳል፤ የውኃ ምህንድስናም ያስተምራል። ለዚህ ሙያ ግን እኔ ወደ አርባ ምንጭ አደላለሁ። ተቋሙ በ1979 ዓ.ም. ሲጀመር የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። በየክልሉ የውኃና የመስኖ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ «የት ተማርህ?» ብትዪ ስሙን ደጋግመሽ ትሰሚያለሽ። ኩልፎ ወንዝ ደጅ ላይ ነው፤ አባያና ጫሞም ከከተማው ሥር ናቸው። የወንዝ ፍሰት የሚለካበት መሣሪያ በእጅሽ ይዘሽ እስከ ጉልበትሽ ውኃ ውስጥ ሳትገቢ የውኃ መሐንዲስ ብትባዪ ያሳዝነኛል። አባትሽ የሚፈሩት ምናልባት መንገዱን ነውና እሱን ለይተሽ አነጋግሪያቸው፤ የፀጥታና የትራንስፖርት ሥጋት እውነተኛ ጉዳይ ነው፣ በቁጣ አይመለስም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር እናት ነኝ። ልጄን ለምህንድስና ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ቨርጂኒያ ቴክም ተቀብለውታል። እሱ ከቤት መራቅ ስለሚፈልግ ቨርጂኒያ ቴክን መርጧል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ከሁሉ በፊት ሂሳቡን ይመልከቱ። የሜሪላንድ ነዋሪ ስለሆናችሁ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚከፍሉት የነዋሪ ክፍያ ነው፤ ብላክስበርግ ባለው ቨርጂኒያ ቴክ ግን ልጅዎ ከሌላ ግዛት እንደመጣ ይቆጠራል፣ ልዩነቱም ከባድ ነው። የሁለቱንም የእርዳታ ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጠው ከብድሩና ከስጦታው የቱ የቱ እንደሆነ ይለዩ። ብድርም «እርዳታ» ተብሎ ይጻፋል፤ ብዙ ወላጆቻችን የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው።

በትምህርቱ በኩል ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው። ቨርጂኒያ ቴክ የመጀመሪያውን ዓመት አጠቃላይ ምህንድስና አስተምሮ ኋላ ወደ ሙያ ያስገባል። ሜሪላንድ ገና ሲቀበል በተወሰነ ሙያ ሊይዘው ይችላል፤ የቅበላ ደብዳቤው ላይ ምን እንደተጻፈ ያንብቡ። ልጅዎ በፍጹም ኮምፒውተር ነው ወይም ኤሮስፔስ ነው የሚል ከሆነ ይህ ልዩነት ከስም ይበልጣል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በእነዚህ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ካልኩለስ ከመቶ በላይ ተማሪ የሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ መምህሩ የልጅዎን ስም ላያውቁት ይችላሉ። መምህሩ ተማሪ ለማነጋገር በየሳምንቱ የሚሰጡትን የቢሮ ሰዓቶች የሚጠቀም ግን ይታወቃል። የእኛ ልጆች መምህር ማስቸገር ነውር ነው ተብለው ስላደጉ ሳይጠይቁ ይወድቃሉ። ከሻንጣው በፊት ይህን ያስይዙት። ገንዘቡ ካልበቃ ደግሞ እዚያው አካባቢያችሁ ባለው የማኅበረሰብ ኮሌጅ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ሜሪላንድ መሸጋገር የተለመደ መንገድ ነው። የሚወስዳቸው ኮርሶች እንደሚቆጠሩለት ግን አስቀድሞ ከአማካሪ ጋር ያረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ሜካኒካል ለሴት ይከብዳል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ማን ነው የሚልሽ? ብየዳ የሞከረ ሰው ከሆነ ዝርዝሩን ጠይቂው። ካልሞከረ ተዪው።

ጥያቄ፦ የመውጫ ፈተና የማለፊያ መጠንን አይቼ ዩኒቨርሲቲ ልምረጥ?

መልስ፦ እየው፣ ግን ብቻውን አትመነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከመቶ 50 ያላገኘ ዲግሪውን አይወስድም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዋጋ አለው። ሆኖም «መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚለው ዲፓርትመንት ስንት ተማሪ እንዳስፈተነ ጠይቅ። አሥራ ሁለት ልጅ አስፈትኖ ሁሉንም ማሳለፍና ሁለት መቶ አስፈትኖ አብዛኛውን ማሳለፍ አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ወላጆቼ ከአሁኑ ላፕቶፕ ሊገዙልኝ ነው። ምን ዓይነት ይሁን?

መልስ፦ አሁን ባይገዙልህ ይሻላል። የመጀመሪያውን ዓመት ያለ እሱ ማለፍ ይቻላል፤ ሲቪል ወይም አርክቴክቸር ከደረሰህ ለሥዕል ፕሮግራሞች ጠንከር ያለ ያስፈልግሃል፣ ለሌላው ደግሞ ርካሹም ይበቃል። ገንዘቡ እስከዚያ ባንክ ይቀመጥ። የግድ ይዘህ ከሄድህ ለዶርም ሎከርህ ደህና ቁልፍ አብረህ ግዛ።