ጥያቄና መልስ፦ ሦስተኛ ፓርቲ ብመርጥ ድምፄ ይባክናል?

ጥያቄ

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዕድሜዬ ስልሳን ተጠግቷል። ታክሲ ነድቼ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ዜግነት ካገኘሁ ጀምሮ ምርጫ አምልጦኝ አያውቅም። በ2008 ለኦባማ ከሌሊት ጀምሬ ተሰልፌያለሁ። በ2021 ደግሞ በአገራችን ጉዳይ ተቆጥቼ ለገዥነት ሪፐብሊካኑን ያንግኪንን መረጥኩ። በ2024 ሁለቱም አልዋጥ ስላሉኝ ድምፄን ለሦስተኛ ፓርቲ ዕጩ ሰጠሁ። ልጄ ስትሰማ «አባዬ፣ ድምፅህን እኮ ጣልከው። ላም አለኝ በሰማይ ነው የሆነብህ» አለችኝ። ጓደኞቼ ቡና ላይ ስንገናኝ ሁሉም «ሁለቱም ያው ናቸው፣ ለውጥ ያስፈልጋል» ይላሉ። ቀኑ ሲደርስ ግን ሁሉም ወደለመደው ይሄዳል። ለመሆኑ ሕዝቡ ለውጥ ከልቡ ይፈልጋል ወይስ ወሬ ብቻ ነው? እኔስ ከእንግዲህ ምን ባደርግ ይሻላል?

የልጆች አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ጋሼ፣ ከልጅዎ ልጀምር። ድምፅዎን አልጣሉትም። በ2024 ካማላ ሃሪስ ቨርጂኒያን ያሸነፈችው ከአምስት ፐርሰንት በሚበልጥ ልዩነት ነው። የሌሎቹ ፓርቲዎች ድምፅ ሁሉ ቢደመር ያንን ልዩነት አይሞላም። ስለዚህ እርስዎ ያበላሹት ውጤት የለም። (ዓመቶቹን እንደርስዎ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ልጅዎ ግን ከመሬት ተነስታ አልተናገረችም። የፍሎሪዳን ታሪክ ሳትሰማ አትቀርም። በ2000 ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን ፍሎሪዳ ላይ የበለጠው በ537 ድምፅ ነው። ስድስት ሚሊዮን ገደማ ሰው በመረጠበት ግዛት ማለት ነው። ፕሬዚዳንቱን የወሰነችውም እሷው ሆነች። የአረንጓዴው ፓርቲ ራልፍ ኔደር እዚያው ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ ነበረው። ከእነዚያ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ወደ ጎር ቢሄድ ታሪክ ሌላ ነበር። እኔ የኔደርን መራጮች አልወቅስም። ያመኑበትን ነው የመረጡት። ግን ፉክክሩ እንዲህ በተወጠረበት ግዛት የሚመርጥ ሰው የሚያደርገውን አውቆ ማድረግ አለበት ብዬ አምናለሁ። ፔንሲልቬኒያ ወይም ጆርጂያ ያለ ዘመድዎ ቢጠይቀኝ የምመልስለት ለእርስዎ እንደምመልሰው አይሆንም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄዎ። ሕዝቡ ለውጥ ይፈልጋል? ይፈልጋል። በ2023 የሕዝብ አስተያየት የሚለካው ጋሎፕ ጠይቆ ከመቶ 63 ሰው «ሁለቱ ፓርቲዎች ሕዝቡን በወጉ እየወከሉት ስላልሆነ ሦስተኛ ትልቅ ፓርቲ ያስፈልጋል» ብሏል። በዓመቱ ምርጫው መጣ። ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጭ የተወዳደሩት ሁሉ ተደምረው በአገር ደረጃ ያገኙት ሁለት ከመቶ ገደማ ነው። ኮንግረስም እንዲሁ ነው። ሥራውን የሚያመሰግን ሰው ጥቂት ነው። ወንበራቸውን ይዘው ለመቆየት ከሚወዳደሩት ግን ከአስሩ ዘጠኙ ተመልሰው ይገባሉ።

ይህን አይቶ «ሕዝቡ የሚለውና የሚያደርገው አይገናኝም» የሚል ብዙ ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። እነዚያ 63 ሰዎች የፈለጉት አንድ ፓርቲ አይደለም። አንዱ ግብር የሚቀንስለት፣ መንግሥት ከቤቱ የሚርቅለት ፓርቲ ይፈልጋል። ሌላዋ የሕክምና ወጪዋን መንግሥት እንዲሸፍን ትፈልጋለች። አንዱ ጦርነት ይቁም ይላል። አንዱ ደግሞ ከሁለቱ መሀል የሚቆም ረጋ ያለ ሰው ናፍቆታል። ጓደኞችዎን አንድ ቀን «ሦስተኛው ፓርቲ መጀመሪያ ምን ይሥራ?» ብለው ይጠይቁልኝ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት አራት ፓርቲ ያገኛሉ። «ይህን አልፈልግም» በሚለው ሁላችንም አንድ ነን። «ይህን እፈልጋለሁ» ላይ ስንደርስ እንበታተናለን። የምርጫ ወረቀት ደግሞ የሚቆጥረው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

የሮስ ፔሮን ነገር ያስታውሱት ይሆናል። በ1992 ይህ የቴክሳስ ባለሀብት በቴሌቪዥን ሰንጠረዥ እያሳየ ስለ መንግሥት ዕዳ ያስተምር ነበር። በጁን ወር በጋሎፕ መለኪያ 39 ከመቶ ይዞ ከአባትየው ቡሽም ከክሊንተንም ቀድሞ ነበር። በጁላይ «ወጥቻለሁ» አለ። በኦክቶበር ተመለሰ። በኖቬምበር 19 ከመቶ ገደማ አገኘ። ከአምስት መራጮች አንዱ ማለት ይቻላል! ሜይን ላይ ቡሽን፣ ዩታ ላይ ክሊንተንን በልጦ ሁለተኛ ወጣ። የኢሌክቶራል ኮሌጅ ድምፁ (ለየግዛቱ የተመደበው፣ ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው ድምፅ) ስንት ሆነ? ዜሮ። ድምፁ በየግዛቱ ተበትኖ የትም አንደኛ ስላልሆነ ነው። በ1968 ጆርጅ ዋላስ ከፔሮ ያነሰ፣ 13 ከመቶ ተኩል ያህል፣ አግኝቶ 46 የኢሌክቶራል ድምፅ ወሰደ። ደቡብ ላይ ተከማችቶለት ነበርና። ዋላስ የቆመለት የዘር መለያየት ነበር፤ ሦስተኛ ፓርቲ ሁሉ የተሻለ ነው ብለን እንዳንሳሳት እሱንም ማስታወስ ይገባል።

በ48 ግዛቶች በአንድ ድምፅ እንኳ የበለጠ ሰው የግዛቱን የኢሌክቶራል ድምፅ ሁሉ ይወስዳል። ሜይንና ኔብራስካ ብቻ ናቸው የሚከፋፍሉት። የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም ቅንጅት የአዲስ አበባን ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን ወሰደ። ኢሕአዴግን የመረጠ አዲስ አበቤ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። አብላጫ ያገኘ ወንበሩን ጠቅልሎ ስለሚወስድ ነው። እዚህ ደግሞ ሌላም አለ። ማንም 270 የኢሌክቶራል ድምፅ ካልሞላ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ያውም እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ይዞ። እዚያ ቁጭ ያሉት ሪፐብሊካኖችና ዴሞክራቶች ናቸው። ሦስተኛው ሰው ቢበረታ እንኳ ጉዳዩ ተመልሶ እነሱ እጅ ይገባል።

ታዲያ ፔሮ ከንቱ ነበር? አልነበረም። ከእሱ በኋላ ሁለቱም ፓርቲዎች ስለ በጀት ጉድለት ዝም ማለት አልቻሉም። ሌላም ምክንያት ነበረው፣ ግን በ1998 መንግሥት ከገቢው ያነሰ አወጣ። አጀንዳው ተወሰደ፣ ባለቤቱ ቀረ። ሦስተኛ ፓርቲዎች በዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ይህን ነው። በሩም ወዲያው ጠበበ። በ1996 ፔሮን ከክርክር መድረክ አስቀሩት። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ለመከራከር በሕዝብ አስተያየት መለኪያ 15 ከመቶ መያዝ ግድ ሆነ። ሳይታወቅ እንዴት 15 ይሞላል? ሳይሞላስ እንዴት ይታወቃል? ይህ በጣም ያናድደኛል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ለውጥ ከፕሬዚዳንቱ ወረቀት ላይ ይጀምራል ብዬ አላስብም። የሚጀምረው ሰው ከማይመጣባቸው ምርጫዎች ነው።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። በምርጫ ቀን ኢሌክሽን ጀጅ፣ ማለትም የምርጫ ጣቢያ ሠራተኛ፣ ሆኜ እሠራለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በፕራይመሪ (ፓርቲዎች ዕጩ በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ዕለት የፓርቲ ዕጩ የሚመርጠው በዚያ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ያልተመዘገበ ሰው የሚሰጠው ወረቀት የትምህርት ቦርድ ምርጫን ብቻ የያዘ ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ስማቸውን ፈልጌ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ነጻ ልሁን ብዬ እኮ ነው ያልተመዘገብኩት። ነጻነቴ ከዚህ ሊያስቀረኝ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሕጉን ነው የነገርኳቸው። እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ዴሞክራቶች በጣም ስለሚበዙ የምክር ቤቱም የካውንቲው ኃላፊም ጉዳይ የሚያልቀው በፕራይመሪው ነው። ኖቬምበር ላይ የሚመጣው ሰው የተጨረሰ ነገር ነው የሚያጸድቀው። የፕራይመሪው ቀን ግን ጣቢያችን ጭር ይላል። በአገሪቱም የኮንግረስ ምርጫ ብቻ ባለበት ዓመት ለፕራይመሪ ከአምስት መራጭ አንድ ቢመጣ ነው። «ሁለቱም ያው ናቸው» የሚለው ሰው እኮ ሁለቱ ሲመረጡ ቤቱ ነበር። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው በሥራ ቀን ለፕራይመሪ ፈቃድ መጠየቅ ምን እንደሚከብደው አውቃለሁ።

እርስዎ ግን ከእኔ ይሻላሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ የፓርቲ ምዝገባ የለም። በጁን ሄደው የዴሞክራቶቹን ወይም የሪፐብሊካኖቹን ወረቀት መጠየቅ ይችላሉ፤ ከሁለት አንዱን ብቻ ነው እንጂ። አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ከንቲባው ማን እንደሚሆን አብዛኛውን ጊዜ በጁን ነው የሚታወቀው። በዚያ ምርጫ ጥቂት መቶ ሰው ክብደት አለው። አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሕዝብ፣ አንድ መስጊድ የሚሰግድ ሕዝብ ነው ይህ።

በ2021 ያደረጉትንም አሳንሰው አይዩት። ያን ጊዜ የእኛ ማኅበረሰብ ከለመደው ፓርቲ ሲነሳ ሁለቱም ወገን አይቷል። ያንግኪን ያሸነፈው በሁለት ፐርሰንት ገደማ ነው። አውሮራ፣ ኮሎራዶንም ይመልከቱ። እዚያ ያሉት ወገኖቻችን ሪፐብሊካኑን የኮንግረስ አባል ማይክ ኮፍማንን ወጥረው ያዙት። እሱም በኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት አያያዝ ላይ የወጣው ኤች.ሪስ. 128 የተባለ የውሳኔ ሐሳብ ለድምፅ እንዲቀርብ ጮኸ፤ በኤፕሪል 2018 ምክር ቤቱ አጸደቀው። ኮፍማን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተሸነፈ። ወንበሩ አስጊ ነበር፤ ለዚህ ይመስለኛል በደንብ የሰማቸው። ውሳኔውን የወደደም ያልወደደም አለ። እኔ የማነሳው አሠራሩን ነው። ሊሄድ የሚችል መራጭ ይደመጣል። የትም የማይሄድ መራጭ ፎቶ ይነሳል፣ ይመሰገናል፣ ይረሳል።

ሦስተኛ ፓርቲስ? የሚያዋጣበት ቦታ አለ። ጄሲ ቬንቱራ በ1998 በሪፎርም ፓርቲ ሚኒሶታን በ37 ከመቶ አሸንፎ ገዥ ሆነ። ሚኒሶታ በምርጫው ዕለት እዚያው ተመዝግቦ መምረጥ ይፈቅዳል፤ ያ ረድቶታል። በርኒ ሳንደርስ የግል ተወዳዳሪ ሆኖ በ1981 በቬርሞንት የበርሊንግተን ከንቲባ የሆነው በ10 ድምፅ ልዩነት ነው። ከዚያ ነው ኮንግረስ የገባው። ከታች የጀመሩት ናቸው የቆዩት።

ልብ የምጥልበት ግን ሌላ ነገር ነው፦ በደረጃ መምረጥ። ራንክድ ቾይስ ይሉታል። አንደኛ የሚወዱትን፣ ሁለተኛ የሚስማማዎትን፣ ሦስተኛ የሚችሉትን ይጽፋሉ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወጣል፤ የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይሄዳል። ሜይን ወደዚህ የመጣችው ተቃጥላ ነው። በ2010 ፖል ለፔጅ በ38 ከመቶ ገደማ ገዥ ሆነ፤ አንድ የግል ተወዳዳሪ ከኋላው 36 ይዞ ነበር። አብዛኛው ያልመረጠው ሰው ገዛቸው። በ2016 ሕጉን ለወጡ። አላስካ በ2020 ተከተለች። ዋሽንግተን ዲሲ በ2024 በሕዝበ ውሳኔ ተቀበለችው። በዚያው ቀን ኮሎራዶ፣ ኔቫዳ፣ ኦሪገንና አይዳሆ ግን አንፈልግም አሉ። ይህም ለጥያቄዎ አንድ መልስ ነው። ለውጡ ወረቀት ላይ ሲቀርብላቸው ብዙዎች ፈሩት። ወረቀቱ ያወሳስባል አሉ፤ ፓርቲዎቹም ተከራከሩት። እኔ የፍርሃቱ ምክንያት ይገባኛል። ግን እንዲህ ዓይነት ወረቀት ቢኖርዎት ኖሮ በ2024 የሚያምኑበትን አንደኛ ጽፈው፣ የሚሻለውን ሁለተኛ ጽፈው ይመለሱ ነበር። ከልጅዎ ጋርም አትከራከሩም ነበር።

ከጎንዎ ያለው አርሊንግተን በ2023 ለካውንቲ ቦርድ ፕራይመሪ ተጠቅሞበታል። የቨርጂኒያ ሕግ ከተሞችና ካውንቲዎች ለምክር ቤቶቻቸው ምርጫ ይህን እንዲመርጡ ይፈቅዳል። አሌክሳንድሪያም ከፈለገች ትችላለች። ስለዚህ የሚቀጥለው የከተማ ምርጫ ሲቀርብ ዕጩዎቹ በየአዳራሹ ሕዝብ ማነጋገር ይጀምራሉ፤ አንዱ ላይ ይገኙ። ከጓደኞችዎ ሁለት ሦስቱን ይዘው ይሂዱ። ተራዎ ሲደርስ ይህንኑ ይጠይቁ፦ «በደረጃ መምረጥን ለከተማችን ትደግፋለህ ወይስ አትደግፍም?» መልሱን ይጻፉልኝ፣ እዚህ አምድ ላይ አወጣዋለሁ።