ዓሣውን ከመብላታችሁ በፊት ለኩት

ልጆቼ፣ አጥንት ይዛችሁ «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ኪሎ ዓሣ ነበር?» ስትሉኝ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ግን የምን ዓሣ እንደሆነ እወቁ። ከአጥንቱ የዓሣውን መጠን የምናሰላበት የቆሮሶ ቀመር ለአምባዛ አይሠራም።

አሠራሩ አይከብድም። ርዝመታቸው ከሚታወቅ ዓሦች አንድ ዓይነት አጥንት፣ ለምሳሌ መንጋጋውን፣ ትለካላችሁ። የአጥንቱንና የርዝመቱን ዝምድና በቀመር አውጥታችሁ ብቻውን የተገኘውን አጥንት ታስገባላችሁ። አጥንትና አካል ሁልጊዜ እኩል ስለማያድጉ ዝም ብሎ ማባዛት አያዋጣም፤ ሎጋሪዝም የሚገባው ለዚህ ነው። ከትንንሽ ዓሦች በወጣ ቀመር ግዙፉን አትገምቱ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። የዛሬ 15 ዓመት፣ ልምድ አለኝ በምልበት ጊዜ፣ ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚመጣ ቆሮሶ እየገዛሁ አጥንቱን ከሥጋው ለመለየት ጓሮ ውስጥ በብረት ድስት እቀቅል ነበር። ባለቤቴ ያንን ድስት ዳግም ማድቤት አላስገባችውም። በዓሣው ጭንቅላት ውስጥ ያለችውን፣ የስንዴ ፍሬ የምታህለውን የጆሮ ድንጋይ ስንት ጊዜ ከውሃው ጋር እንደደፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። በጅማ ክረምት ደግሞ አጥንት አልደርቅ አለኝ። ምጣድ ላይ ላድርቅ ብዬ ግማሹን አሳረርኩት። ያረረ አጥንት ስለሚኮማተር ጣልኩት።

የቀረውን በካሊፐር፣ ማለትም ትንንሽ ነገር በሚለካ መሣሪያ፣ ለካሁ። ደብተሬን ስገልጥ «ርዝመት 40» ይላል። ጅራቱን ጨምሮ? ወይስ እስከ ጅራቱ ሥር? አልጻፍኩም። አንዱን እንዲህ፣ አንዱን እንዲያ ለክቼ ኖሯል።

ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም። ከነጅራቱ 40 ሳንቲሜትር የሆነ ቆሮሶ ያለ ጅራቱ 32 ገደማ ነው። ክብደት ደግሞ በግምት ከርዝመት ኩብ ጋር ይሄዳል። ርዝመት ላይ 10 በመቶ ከጨመራችሁ ክብደቱ በሲሶ ይጨምርባችኋል። በኔ ስህተት ግን አንድ ኪሎው ዓሣ ሁለት ኪሎ ሊሆን ምንም አልቀረው! ዓሦቹ ተበልተዋል፤ ዳግም የምለካው የለም።

ዛሬ ዓሣው ሙሉ ሳለ ሁለቱንም ርዝመት፣ ክብደቱንና ዓይነቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ከአጥንቱ ጋር ፖስታ ውስጥ እከታለሁ። የግራና የቀኝ አጥንቱንም እለያለሁ፤ አለዚያ አንዱ ዓሣ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። ድስት ካጣችሁ የኔን ውሰዱ፤ አሁንም ጓሮ ነው።