ማዞር ሁሉ አር 42 አይደለም

ድሬዳዋ ውስጥ የጤና መረጃ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ድሬ ላይ የማያዞረው ማን አለ? በግንቦት ሙቀት ከቀፊራ ተነስቶ፣ ደቻቱን ተሻግሮ ከዚራ ድረስ በእግሩ የመጣ ያዞረዋል። ምሳ ሳይበላ ጫት ላይ የተቀመጠም ያዞረዋል። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሁሉም «ያዞረኛል» ነው የሚሉት። ሐኪሙ «ዲዚነስ» ብሎ ይጽፍና ቻርቱ ኮድ እንድትሰጡት እናንተ ጋ ይመጣል።

በናንተ ዕድሜ ይቺን ቃል ካየሁ እጄ ራሱ አር 42 ይጽፍ ነበር። በአይሲዲ 10፣ ማለትም በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ኮድ ዝርዝር 10ኛ እትም፣ ኮዱ ትክክለኛ ነው፤ ግን ምክንያቱ ላልተለየ ማዞር የተሰጠ የምልክት ኮድ እንጂ የበሽታ ስም አይደለም።

አንድ ቀን አንድ ሐኪም መጣና «ጭንቅላታቸውን ሲያንቀሳቅሱ የሚያዞራቸውን ታካሚዎች አውጣልኝ» አለኝ። የዚህን ሕመም ኮድ፣ ኤች 81.1ን፣ መዝገቡ ውስጥ ፈለግኩ። ዜሮ። አቦ፣ ዜሮ! ሐኪሙ ራሱ ሕክምና የሰጣቸው አሉ እኮ።

አፍሬ ቻርት ማገላበጥ ጀመርኩ። የአንዲት እናት ካርድ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገላበጥ ቤቱ ይሽከረከርባታል፣ ከደቂቃ ያነሰ ይቆያል፣ ጭንቅላትን አዙሮ በፍጥነት በማስተኛት የሚደረገው የዲክስ ሆልፓይክ ምርመራ ፖዘቲቭ ነው ይላል። ከታች ደግሞ በትልቁ «ቢፒፒቪ» ተጽፏል፤ ሐኪሙ የጠየቀኝ ሕመም፣ ኤች 81.1 ማለት ነው። ጎኑ ላይ በኔ እጅ፦ አር 42። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነበር ያነበብኩት።

ይሄ ሕመም የሚመጣው በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች ከቦታቸው ሲወጡ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ ጭንቅላትን ይዞ በቅደም ተከተል ሲያዞረው ይሻላል። የኔ መዝገብ ግን ሴትየዋን ሙቀት ካዞረው ሰው ጋር ደባልቋት ነበር።

ስለዚህ ካርዱን እስከ ታች አንብቡ። ሜኒየር የሚባለው የውስጠኛው ጆሮ በሽታ ከተባለ ኤች 81.0 ነው። ከአንጎል የመጣ ከተባለ ኤች 81.4። ታካሚው ሲቆም የደም ግፊቱ ይወርዳል ከተባለ አይ 95.1። ከነዚህ አንዱ ተጽፎ ሳለ አር 42ን አትደርቡበት።

ደግሞ ከሐኪሙ አትቅደሙ። «ይሽከረከርብኛል» የሚል ቃል ስላያችሁ ብቻ የጆሮ በሽታ አትጻፉ። ካልገባችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ጠዋት ወረፋው ሲጨናነቅ ግን አይሆንም፤ ትሰደባላችሁ። ወደ አስር ሰዓት ጋብ ሲል ሂዱ።

11ኛው አይሲዲ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ እነዚህ የ10ኛው ኮዶችም እዚያ ተቀይረዋል። ቁጥር ሸምድዱ የማልላችሁ ለዚህ ነው።

የዚያን ዓመት ቻርቶች ማረም ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር እየሰረዝኩ፣ ቀን እየጻፍኩ፣ እየፈረምኩ። ሐኪሙ ዝርዝሩን ሲቀበለኝ ምንም አላለም። ሻይ ጋበዘኝ።